ያልዘራሁት አበባ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከፊታችሁ የምቆመው ሁልጊዜ ስለ ቁጠባና ስለ ብድር አመላለስ ለመናገር ነው። ዛሬ ግን ሰብሳቢያችን «የሒሳቡን ነገር ለሚቀጥለው አቆይተሽ ከቤትሽ አንድ ነገር አጫውቺን» ስላሉኝ ስለ ጓሮዬ ላጫውታችሁ።

በእኛ ሙያ የሚያስጨንቀው ጉድለት ብቻ አይደለም። ምንጩ ያልታወቀ ገቢም ያስጨንቃል። ካዝናው ውስጥ ከመዝገቡ በላይ መቶ ብር ቢገኝ ደስ ብሎን ወደ ቤት አንሄድም፤ ከየት እንደመጣ እስኪታወቅ ደረሰኝ በደረሰኝ እንፈልጋለን። ዘንድሮ ጓሮዬ ውስጥ እንዲህ ያለ ገቢ ገባ።

መሐል ሜዳ ካለው ቤቴ ጀርባ ጎመንና ድንች የምተክልባት ትንሽ ቦታ አለችኝ። ሐምሌ ላይ አመድ ከምደፋበት ጥግ የማላውቀው ቡቃያ ወጣ። ጎንበስ ብዬ ልነቅለው ስል ጎረቤቴ የሆኑ እናት በአጥር አሻግረው አይተውኝ «ተይው ልጄ፣ ምን እንደሚያወጣ ሳናይ?» አሉኝ። እርሳቸውን አክብሬ ተውኩት፤ ዝናቡም ስለበረታ ረሳሁት።

ያለፈው ክረምት ለእኔ ከባድ ነበር። እናቴ የምትኖረው ጊሼ ገጠር ነው። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። በየዓመቱ ለመስቀል ትመጣ ነበር፤ ዘንድሮ መምጣቷ ቀርቶ ደህና መሆኗን እንኳ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ለዘመን መለወጫ ቄጤማ ለመግዛት ልቤ አልፈቀደም። በበዓሉ ጠዋት አመድ ልደፋ ስወጣ ግን ጥጉ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ሰባት እግር አደይ አበባ! አመዱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እንደ ልማዴ ምንጩን ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። እናቴ አምና ለመስቀል ስትመጣ አንድ እቅፍ አደይ ይዛልኝ ነበር። ከመካከሉ አበባው ረግፎ ፍሬ የያዘም ነበረበት። ሲደርቅ እዚያ ጥግ የጣልኩት እኔው ነኝ። እናቴ መምጣት ባልቻለችበት ዓመት፣ ያመጣችው አበባ ቀኑን ጠብቆ መጣ።

ገበሬዎቻችን ካለፈው ዓመት ከረገፈ ዘር በራሱ የሚበቅለውን ሰብል ገቦ ይሉታል። ገቦ ሁሉ አይወደድም። ገቦ ስንዴ ዋግን ወደ አዲሱ ሰብል ያሻግራል፤ ገቦ ድንችም በሽታ ይዞ ይቆያል፤ ሁለቱም መነቀል አለባቸው። ስለዚህ «አትንቀሉ» አልላችሁም። «ሳታውቁት አትንቀሉ» ነው የምለው።

አደይ በክረምቱ ዝናብ በቅሎ በመስከረም ያብባል፤ ዘሩን ጥሎም ይደርቃል። አበባውን በሙሉ ለእንቁጣጣሽ ከቀጠፍነው ለከርሞ የሚበቅል ዘር አይተርፍም። ልጆቻችን አደይ ፍለጋ ራቅ ብለው የሚሄዱት፣ እኛም በየደጃችን ጥግ የወጣውን ሁሉ አረም ብለን ስለምንነቅለው ይመስለኛል። የመንዝ አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ጓሳን ለዓመታት ከከብትና ከማጭድ ጠብቀው ሲከፍቱት፣ ማንም ያልዘራው ሣር ለቤት ክዳንም ለከብትም ይበቃቸው ነበር። አንዳንድ ሀብት የሚገኘው በመሥራት ብቻ ሳይሆን ጊዜ ሰጥቶ በመተውም ነው።

እኔም ከሰባቱ አራቱን ለልጆቹ ሰጥቼ ሦስቱን እስኪደርቁ ተውኳቸው። ዘሩን ለቅሜ በቁራጭ ወረቀት ጠቅልዬ ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ ስትወጡ አንዳንድ ጥቅል ውሰዱ። የምጠይቃችሁ ከጓሮአችሁ አንዲት ጥግ ብቻ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ስልኩ ሠራ። የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ደህና ናት። የአበባውን ነገር ስነግራት «ውይ ልጄ! ያንን ገለባ እስካሁን አልጠረግሽውም?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አለቀስኩ።