በእናቶቻችን ቤት ያለችው ልጅ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ታክሲ የምንነዳ ጓደኛሞች አውሮፕላን ማረፊያው ተራ ስንጠብቅ ስለ አገር ቤት ማውራት ልማዳችን ነው። በቅርቡ ወሬው ወደ ፖለቲካ ሳይሄድ ወደየቤታችን መጣ። ስንደውል ስልኩን የምታነሳው ልጅ ማን ናት? እንጀራ የምትጋግረው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ሌሊት ተነስታ እናታችንን የምትደግፈው እሷ ናት። ደመወዟን የምንልከው እኛ ነን። ዕድሜዋንና የአባቷን ስም ግን ከአምስታችን አንዳችንም አላወቅንም።

ደውለን ጠየቅን። አንዱ ቤት አሥራ ሁለት፣ ሌላው ቤት አሥራ ሦስት ተባለ፤ የቀሩት «እሷም አታውቀው» ተባሉ። አንዲት እናት «እንደ ልጄ ነው የማያት፤ አሜሪካ ተቀምጠህ ልትከሰኝ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። እናቶቻችን ክፉዎች አይደሉም። እኛም የታዘልነው በእንዲህ ያሉ ልጆች ጀርባ ነው። እነሱ ያጠቡትን ዩኒፎርም ለብሰን ዩኒቨርሲቲ ደረስን፤ እነሱ የት እንደ ደረሱ አልጠየቅንም።

ሕጉስ? አገራችን የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ደንግጓል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 15 ዓመት የነበረው የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ 18 ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 14 ዓመት የነበረው ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 15 ከፍ አለ፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ ተከልክሏል። እሰየው ነው።

ነገር ግን ሁለቱም አዋጆች የቤት ሠራተኛን ከወሰናቸው ውጭ ትተዋታል። የ1996ቱ አዋጅ ጉዳይዋን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ አሳደረው፤ ከ15 ዓመት በኋላ የወጣውም ያንኑ ደገመ። ሱቅ ብትቀጠር ሰዓቷ የሚቆጠርላት ልጅ ማድ ቤት ከገባች የሚቆጥርላት የለም። እዚህ አገር ልጃችንን ለአንድ ሰዓት ብቻውን ቤት ብንተወው ፖሊስ ይመጣብናል ብለን የምንሰጋ ሰዎች መሆናችንን ደግሞ አትርሱ።

ከመካከላችን አንዱ «ልጅቷ ትሰናበት፣ ትልቅ ሴት ትቀጠር» አለ። ይህ ስሕተት ይመስለናል። የተሰናበተች ልጅ የምትመለሰው ወደ ደላላው ነው፤ ደላላው ደግሞ ከእናቶቻችን ቤት የባሰ ብዙ ቤት ያውቃል። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ልጅቷ የቀን ትምህርት ቤት ትግባ፤ ከባዱን ሥራ የምትሠራ ተመላላሽ እንቅጠር፤ ደመወዟ በደላላ እጅ መግባቱ ቀርቶ ለራሷ በደብተር ይቀመጥላት፤ ወላጆቿ ተፈልገው ድምፅዋን ይስሙ። ወጪውን በወር አንድ የቅዳሜ ሌሊት ሥራ ይሸፍነዋል። አራቱ ቤት ተጀምሯል። የተቆጡት እናት እስካሁን እሺ አላሉም፤ ልጃቸው በየሳምንቱ እየደወለ ይለምናቸዋል።

የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችን ደግሞ የቤት ሠራተኛ ልጆች የዕድሜና የሰዓት ገደብ በሕግ እንዲበጅላቸው ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደብዳቤ እንዲጽፍ እንጠይቃለን። የፊርማው ወረቀት መግቢያው አጠገብ፣ ቡናው ከሚፈላበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።