ሞተሩ ገባ፤ ሥራው ግን ገና ነበር

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ ቀን፣ በሜካኒካል ምህንድስና የቀድሞ ተማሪዎች መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ካሊፎርኒያ ስለምትሠራው ሥራ አንድ ነገር ተናገር» ሲሉኝ እሺ አልኩ። በኋላ ሳስበው ግን የመሥሪያ ቤቴን ሥራ በስላይድ ባሳያችሁ ግማሻችሁ እንደምታንቀላፉ ገባኝ። በቴርሞዳይናሚክስ ክፍለ ጊዜ እኔ ራሴ ከኋላ ወንበር ምን አደርግ እንደነበር የሚያውቁ ሰዎችም እዚህ ተቀምጠዋል። ስለዚህ የማወራችሁ ቅዳሜና እሑድ በቤቴ ጋራዥ ስለሠራሁት፣ ሁለት ጊዜም ስላበላሸሁት ነገር ነው፤ የዱን ባጊ ሞተር ስለመቀየር። ባጃጅ አላልኩም፣ ባጊ ነው ያልኩት!

ዱን ባጊ ማለት በአሸዋ ክምር ላይ የምትነዳ ቀላል መኪና ናት። ከሁሉም የታወቀችውን የሠራት ብሩስ ሜየርስ የሚባል የካሊፎርኒያ ጀልባ ሠሪ ነው። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ከፋይበርግላስ የራሱን ገላ ሠራ፤ ቀጥሎም የቮልስዋገንን ሻንሲ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳጥሮ ያንን ገላ ጫነበት። አዲስ አበባ ያደግን ሁሉ ቮልስን እናውቃታለን። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ውሃ አትጠጣም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ክብደቱ ከኋላ ጎማዎቹ ላይ ስለሚያርፍ አሸዋ ትወዳለች። ባጊ እንግዲህ ልብሷን የቀየረች ቮልስ ናት።

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት አንዲት አሮጌ ባጊ ገዛሁ። አብረን እንድንሠራት ነበር ሐሳቤ። እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ልጆቻችን ውጭ አገር ተወልደው ሲያድጉ በአማርኛ የምናወራቸው ነገር እያለቀብን ይሄዳል። «በላሽ? ተኛሽ? አጠናሽ?» ሆኖ ይቀራል። አብረን ብሎን ብንፈታ ወሬ ይኖረናል ብዬ አሰብኩ።

የባጊዋ 1600 ሲሲ ሞተር ካርተሩ ተሰንጥቆ ነበር። ቢጠገን የሚሰጠው 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። እኔ ደግሞ መሐንዲስ ነኝ አይደል? 2.2 ሊትር የሱባሩ ሞተር ገዛሁ፤ 130 የፈረስ ጉልበት አካባቢ የሚሰጥ።

ሱባሩን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ ቮልስ ሁሉ አራቱ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ ናቸው፤ አጭርና ዝቅ ያለ ስለሆነ ከኋላ ይገባል። የሚዞርበት አቅጣጫም ከቮልሱ ካምቢዮ ጋር ይስማማል። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በ1960ዎቹ የሼቭሮሌ ኮርቬርን ሞተር በቮልስ ላይ የሚጭኑ ሰዎች ነበሩ። የዚያ ሞተር ዙር ተቃራኒ ስለሆነ በካምቢዮው ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርስ ካልገለበጡት በስተቀር አንድ ወደ ፊት ማርሽና አራት ወደ ኋላ ማርሽ ያላት መኪና ትሆንባቸዋለች።

አሁን ወደ ስህተቶቼ ልምጣ።

የመጀመሪያው ሰሌዳው ነው። የሱባሩ ሞተርና የቮልስ ካምቢዮ የብሎን ቀዳዳቸው አይገጥምም፤ በመካከላቸው የሚያገናኝ ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ያስፈልጋል። ተዘጋጅቶ ይሸጣል። እኔ ግን «ለዚህማ ገንዘብ አላወጣም» ብዬ ራሴ ለክቼ፣ ራሴ ነድፌ አስቆረጥኩ። ብሎኖቹ ሁሉ ገቡ፤ ደስ አለኝ። ግን የለካሁት ከብሎን ወደ ብሎን ነበር። መለካት የነበረብኝ ከሞተሩ ዘንግ መሀል ወደ ካምቢዮው ዘንግ መሀል ነው። ሁለቱ መሀሎች ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ተሳስተዋል። ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የካምቢዮው ዘይት መከላከያ ጎማ ተበልቶ ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ፈሰሰ። ሞተር አውርዶ እንደገና መጀመር ሆነ።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። የቮልስ ሞተር የራሱን ማራገቢያ በቺንጊያ ያዞራል። መኪናው ቢቆምም ሞተሩ በዞረ ልክ አየር ያገኛል። ሱባሩ ግን ራዲያተር ይፈልጋል። እኔም ከሞተሩ በላይ ባለችው ቦታ የምትገባ አንዲት ራዲያተርና አንዲት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ፈልጌ ገጠምኩ። ልብ በሉ፦ የመረጥኳት ስለምትበቃ ሳይሆን ስለምትገባ ነው። በግርድፉ ከነዳጁ ሙቀት አንድ ሦስተኛው ወደ ሥራ ይለወጣል፣ አንድ ሦስተኛው በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ የቀረው በማቀዝቀዣው ይሄዳል። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ 97 ኪሎ ዋት ከሰጠ ራዲያተሩም ወደዚያው የሚጠጋ ሙቀት ማስወገድ አለበት ማለት ነው። ይህን እዚሁ አምስት ኪሎ ተምሬ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ጋራዤ ውስጥ ግን ወረቀት አላነሳሁም።

ሽቦውን ስቀንስም ሞተሩን ለማስነሳት የማያስፈልገውን ሁሉ ቆረጥኩ። የሙቀት መለኪያውን «ኋላ አገናኘዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ልጄ «አባዬ፣ ሙቀቱን በምን እናያለን?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «በሰፈር ውስጥ ነድቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም» አልኳት።

በየካቲት ወር ወደ ኢምፔሪያል የአሸዋ ክምሮች ወሰድኳት። ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ አሸዋ ነው። ሰፈር ውስጥ መንዳትና አሸዋ ላይ መንዳት አንድ አይደለም። አሸዋ ጎማ ይይዛል፤ ነዳጅ ሙሉ ተረግጦ መኪናው በዝግታ ይሄዳል። ሙቀቱ የትልቅ ፍጥነት፣ ነፋሱ የትንሽ ፍጥነት ነው። አንድ ትልቅ ክምር እየወጣን ሳለ ልጄ «የሚጣፍጥ ነገር ይሸታል» አለች። ወዲያው ከኋላችን እንፋሎት ተነሣ።

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩና እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደድኩ። ልጄ በሁለት እጇ ክንዴን ይዛ «አባዬ፣ ዌይት! አትክፈተው!» ብላ ጮኸች። ቆምኩ። ክዳኑ ውስጡን 1 ባር ያህል ግፊት ሲይዝ ውሃ የሚፈላው 120 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍቼው ቢሆን ግፊቱ ሲወርድ ያ ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊቴ ላይ፣ ምናልባትም ፊቷ ላይ ይወጣ ነበር። ይህንንም ተምሬዋለሁ። በዚያች ደቂቃ ያስታወሰችው ግን እሷ ናት፤ መመሪያውን አንብባው ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል አሸዋው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ያኔ ነው ስለ ጋሼ የነገርኳት። ተማሪ ሳለሁ በክረምት ለልምምድ የገባሁበት ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበሩ። የአንዱን መኪና ሞተር ለሌላው ሲገጥሙ እያየሁ «ጋሼ፣ እንዴት ገባ?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ኢንጂነር፣ ማስገባትማ ሦስት ጎረምሳና አንድ ካቴና ይበቃዋል። ከሌላው ጋር ማስታረቁ ነው ሙያው» አሉኝ። ያኔ የመካኒክ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ልጄ ዝም ብላ ሰምታ «ታዲያ ለምን አልሰማሃቸውም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በመጨረሻ ሁለት ጎልማሶች በገመድ ጎትተው አወጡን። ቤት ስንደርስ እንደ አዲስ ጀመርን፤ በዚህ ጊዜ ልጄ ደብተር ይዛለች። ሰሌዳውን ከሚሸጠው ገዛን። ራዲያተሩን በሒሳብ መረጥን፤ ትልቅ፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ንጹሕ አየር ከሚያገኝበት ቦታ። አየር ታፍኖ እንዳይቀር ከቱቦዎቹ ከፍተኛ ቦታ ላይ ማስተንፈሻ አበጀን። የሙቀት መለኪያው ከመሪው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከዚያ እሷ «ፍሬኑስ?» አለች። እውነቷን ነው! ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የሚያጠፋው ጉልበት አራት እጥፍ ነው፤ እኔ ሞተሩን ቀይሬ ፍሬኑን እንደነበረ ትቼዋለሁ። የፊቶቹን ወደ ዲስክ ቀየርን። ሞተሩን ማስገባት አንድ ቅዳሜ ፈጅቶ ነበር፤ ማስታረቁ አንድ ዓመት ፈጀ።

መምህራኖቻችን፣ ይህን የምናገረው ለማስተማር ብዬ አይደለም፤ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። አንድ ልመና ግን አለኝ። ቴርሞዳይናሚክስን በአንድ ሴሚስተር፣ የማሽን ንድፍን በሌላው፣ ኤሌክትሪክን በሦስተኛው ተምረን እያንዳንዱን አልፈናል። የተሳሳትኩት ግን በአንዳቸውም ውስጥ አልነበረም፤ በመካከላቸው ነው። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት የአንዱን መኪና ሞተር በሌላው ላይ የሚያስታርቁበት አንድ የተግባር ሥራ ቢኖራቸው መልካም ነው። የመኪናና የሞተሩን ወጪ እኔና ከእኔ ጋር የተመረቁ ጥቂት ጓደኞቼ ለመሸፈን ዛሬ ጠዋት ሻይ ላይ ተስማምተናል። ጋራዥ ውስጥ ያረጁ ባለሙያዎችም መጥተው አብረው ቢያሠሩ፣ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ መምህር።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሄጄ ሳላመሰግናቸው ነው ያለፉት፤ ይህ ይቆጨኛል።

በሻንጣዬ ያመጣሁት አንድ ነገር አለ፤ ያ የተሳሳተው ሰሌዳዬ ነው። ጉምሩክ ላይ ምን እንደሆነ ማስረዳት አስቸግሮኝ ነበር! ለክፍሉ ወርክሾፕ ትቼው እሄዳለሁ። ግድግዳ ላይ ስቀሉትና አዲስ ተማሪ ሲመጣ «ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብሎኖቹ ሁሉ ልክ ናቸው።