ወሬ መግለጫን ሲቀድም

(መግቢያ ሙዚቃ፣ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በጌዴኦ ዞን ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ የወታደር መኪኖች ተከታትለው ካለፉ፣ እነሱ ወናጎ ሳይደርሱ ወሬው ቀድሞ ይገባል። የሠራዊቱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ያንን ያየ ሕዝብ ዝም ሲባል ክፉውን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ስለዚህ ባለሙያው መረጃው ሁሉ እስኪሟላ አይጠብቅ። “መኪኖቹ የእኛ ናቸው፤ ሥራቸው ጸጥታ ማስከበር ነው፤ ቀጣዩን መግለጫ በ10 ሰዓት እንሰጣለን” ካለ ለጊዜው ይበቃል። የቀጠረውን ሰዓት ግን ያክብር! የጦሩን ቁጥርና መድረሻ አይናገርም፤ “ይህን መናገር አልችልም” ቢል ሕዝቡ ይረዳዋል፤ ከዋሸ ግን ነገ የሚያምነው የለም።

ብዙዎች የሚሰንፉት ቋንቋ ላይ ነው። በአማርኛ ብቻ የተነበበ መግለጫ ገደብ ከተማ ገበያ ቡና ይዛ የወጣችውን እናት ላይደርሳት ይችላል። መልእክቱ በጌዴኦኛም በአፋን ኦሮሞም በተመሳሳይ ሰዓት፣ ይዘቱ ሳይለወጥ ይውጣ። አንዱ ወገን ቀድሞ ከሰማ፣ ሌላው “ምን ደበቁን?” ማለቱ አይቀርም።

ጥፋተኛን በብሔሩ መጥራትማ ፈጽሞ አይሞከርም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መለዮ ለለበሰ የተለየ በር አልከፈተም። የሟች ስምም ቤተሰብ ሳይረዳ አይነበብ፤ መርዶ በሽማግሌ እንጂ በሬዲዮ አይነገርም።

እናንተም፣ አድማጮቻችን፣ የመኪኖቹን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት መግለጫውን ጠብቁ።

(መውጫ ሙዚቃ)