«አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እሄድልሻለሁ»

ውድ የአእምሮ ጤና ነርሲንግ ተመራቂዎች፤

በየጤና ጣቢያው ደጋግማችሁ የምታገኟትን አንዲት ሴት ላስተዋውቃችሁ። ታክሲ ውስጥ ሳለች ልቧ ድንገት ይደልቅ ጀመር፤ ላብ አጠመቃት፤ ትንፋሽ አጠራት። «ወራጅ አለ!» ብላ ወረደች፤ ወዲያው ቀለላት። ችግሩ ሥር የሰደደው በዚህች እፎይታ ነው። ብትቆይ ኖሮ ፍርሃቱ ጫፍ ደርሶ በራሱ ጊዜ ይበርድ ነበር፤ እሷ ግን የዳነችው ስለወረደች መሰላት። በማግስቱ ታክሲ ቀረ። ቀጥሎ ገበያ፣ ከዚያ ቅዳሴ፣ በመጨረሻ የጎረቤት ለቅሶ። ለቅሶ የቀረች ሴት በእኛ ሀገር ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ።

ቤተሰቧ ስለሚወዳት «አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እሄድልሻለሁ» ይላታል። ልጅ ገበያ ይላካል፤ ባል ከሥራ አስፈቅዶ ያደርሳታል። ደግነት ነው፤ ግን «ብቻሽን አትችይም» የሚለውን የፍርሃቷን ቃል በየቀኑ የሚያጸናው ይኸው ደግነት ነው። በሥራ ዘመኔ ከሕመሙ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ከእንዲህ ያለ ፍርሃት የመውጫው መንገድ ከተጠቆመ መቶ ዓመት አልፎታል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን እንዴት እንደረዳች እ.ኤ.አ. በ1924 ጽፋለች። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን በሽቦ ቤት አድርጋ ከሩቅ ታስቀምጣለች፤ እሱ የቻለውን ያህል ብቻ ታቀርበዋለች። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉን ዳበሰው፤ ጥንቸሉ ጣቶቹን በጥርሱ ሲነካካውም ዝም አለ። ማንም ጭኑ ላይ አልጣለበትም። ሰውን በድፍረት ስም ፍርሃቱ ውስጥ መወርወር ሕክምና አይደለም። እውነተኛ አደጋም ሌላ ነው፤ የሚደበድባትን ባሏን የምትፈራ ሴት «ተላመጂው» አትባልም።

ስለዚህ አደራ! ያቺ ከታክሲ የወረደችው ሴት ስትመጣ መጀመሪያ ልቧንና ደሟን መርምሩ። ከዚያ ይዟት የመጣውን ባል ወይም እህት አብራችሁ አስቀምጡና ነገ የምትሞክረውን አንድ ፌርማታ እሷው ትምረጥ። ለጊዜው አብረዋት ይሂዱ፤ ፍርሃቱ ሲበረታም ለማውረድ አይቸኩሉ፤ እስኪበርድ አጠገቧ ይቆዩ። በኋላ ብቻዋን ትሂድ። ለዚህ ከመጋዘን የሚጠበቅ መድኃኒት የለም፤ ሥራ በጀመራችሁበት ቀን ልታደርጉት ትችላላችሁ።