ነፋሱ በአዳማ፣ ሥራው በአጋሮ

 

ከፊቴ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ምህንድስና ምሩቃን ስለሆናችሁ ዛሬ ስለ ነፋስ ኃይል መናገር መረጥሁ። ጅማ ላይ ይህን ማንሳት ያለ ቦታው የገባ ወሬ ሊመስል ይችላል። የእናንተ አገር የሚታወቀው በዝናቡና በጫካው ነው፤ ቡናውም ቢሆን የሚወደው ጥላና እርጥበት ነው።

እውነት ነው፣ ነፋሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአዳማ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች መጀመሪያ 34፣ ቀጥሎም 102 ተርባይኖች ተተከሉ፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ማለት ነው። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ይዞ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመረቀ። በሶማሌ ክልል የአይሻ፣ በአርሲ ኢተያ አጠገብ ደግሞ 29 ተርባይኖች ያሉት የአሰላ ጣቢያ አሉ። ሁሉም የስምጥ ሸለቆውን ዳርና ደረቁን አገር ተከትለው የቆሙ ናቸው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ እንደሚሆን በክፍል ተምራችኋል። በፍጥነት ትንሽ የሚያንስ ቦታ በገቢ እጅግ ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ጅማ ጅሬን ኮረብታ ላይ ለክብር ብቻ ተርባይን ይተከል የሚል ሰው ቢመጣ፣ አስቀድማችሁ ዓመቱን ሙሉ የተለካ ቁጥር ጠይቁት።

ታዲያ የአዳማ ነፋስ ለጅማ ምኗ ነው?

ከአዲስ አበባ በመንገድ የመጣችሁ ሁሉ ሰኮሩን አልፋችሁ የግልገል ጊቤን ሐይቅ አይታችኋል። ያ ውኃ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከዚያ ወጥቶ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ተጉዞ ጊቤ ሁለት ላይ እንደገና 420 ሜጋ ዋት ይሰጣል። ወደ ኦሞ ዝቅ ስትሉ ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት ይዞ ይጠብቃችኋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓባይን ግድብ ስትጨምሩበት፣ መብራታችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ውኃ መሆኑን ታያላችሁ። ውኃ ደግሞ የሚመጣው በክረምት ነው። ጥቅምት ከገባ በኋላ ሐይቁ መውረድ እንጂ መሙላት አያውቅም። የበጋው ነፋስ በስምጥ ሸለቆው ዳር የሚበረታው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይስባል። አዳማ ላይ ነፋስ በነፈሰበት ሰዓት ሰኮሩ ላይ ውኃ ይተርፋል፤ የተረፈውን ውኃ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ምሽት እንለቀዋለን።

አሁን የወራቱን ስም ልብ በሉ፤ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። እዚሁ ጅማ ዙሪያ በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ፣ በጌራ ቀዩ ቡና የሚለቀመው በእነዚሁ ወራት ነው።

የቡና ልጆች የሆናችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ላልሆናችሁት ግን ልንገር። ቀይ እሸት ቡና ከተለቀመ በኋላ አያድርም። ገበሬው ቀኑን ለቅሞ ወደ ማታ ላይ መፈልፈያ ጣቢያው ያደርሳል፤ ተመዝኖ፣ ተለቅሞ፣ ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ጨልሟል። የተፈለፈለው ወደ ገንዳ ገብቶ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ ሲነጋ አልጋ ላይ ይሰጣል። በዚያ ሌሊት መብራት ከጠፋ እሸቱ በክምር ውስጥ ይሞቃል፤ ያለ ሰዓቱም ይቦካል። ከወራት በኋላ ሩቅ አገር ያለ ቀማሽ ሲኒውን አንስቶ ያችን ሌሊት ያገኛታል። ዋጋው ይወርዳል፤ ገበሬው ግን በየትኛዋ ሌሊት እንደከሰረ አያውቅም። ይህን ፈርተው ብዙ ጣቢያዎች ጄኔሬተር ያስቀምጣሉ፤ ናፍጣው በጭቃ መንገድ ተጭኖ ኮረብታ ይወጣል፤ ወጪው ደግሞ ከእሸቱ ዋጋ ላይ ይነሳል።

መልካም የተፈለፈለ ቡና ምን እንደሚያመጣ ጎማ ውስጥ አይተናል። አብዛኛው የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን በጀንፈል ደርቆ፣ በዝቅተኛ ደረጃ የሚሸጥ ነበር። ዱሮሚና የተባለው የገበሬዎች ማኅበር መፈልፈያ አቋቁሞ፣ ለቀማውንና አጠባውን አጥብቆ ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉም አፈሩም የቀድሞው ነበር። የተለወጠው እሸቱ ከተለቀመ በኋላ ባሉት ሰዓታት የሚሠራው ሥራ ነው።

ስለ ሥራ ዕድል ብዙ ስለሚነገር እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። የነፋስ ማመንጫ ሲገነባ መንገድ ጠራጊው፣ መሠረት ቆፋሪው፣ ሾፌሩ፣ ግንበኛው ብዙ ነው። ግንባታው ሲያልቅ ያ ሰው ሁሉ ይበተናል፤ ተርባይኖቹን የሚጠብቁት ጥቂት ቴክኒሻኖች ናቸው። ምሰሶውን እያሳዩ ለትውልድ ሁሉ ሥራ ተገኘ የሚሉ ሰዎች ተስፋችሁን ያባክኑባችኋል። ነፋስ ሥራ የሚፈጥረው መብራቱ በሚደርስበት ቦታ ነው፤ በመፈልፈያው፣ በቡና መቀሸሪያው፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በብየዳ ቤቱ፣ ኅዳር 2011 ዓ.ም. በተመረቀው በጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ። አንድ መፈልፈያ በአስተማማኝ መብራት ቢሠራ ለቃሚዋም፣ አልጋ ላይ ቡና የምታገላብጠዋም፣ ሞተር ጠጋኙም፣ ጫኙም እንጀራ ይበላሉ።

መብራቱ ካልደረሰስ? ጎረቤታችን ኬንያ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይኖች፣ 310 ሜጋ ዋት ተከለች። ተርባይኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ዝግጁ ነበሩ፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ማስተላለፊያ መስመር ግን ዘግይቶ የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እስከዚያ ነፋሱ በከንቱ ነፈሰ፤ አገሪቱም ላልተጠቀመችበት ኃይል ካሣ ከፈለች። በእኛም አገር ከባዱ ሥራ ከማመንጫው በኋላ ያለው ነው፤ የማከፋፈያ ጣቢያው፣ ያረጀው የእንጨት ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነው ትራንስፎርመር፣ በክረምት ዛፍ የወደቀበት ሽቦ። ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ አይደለም፤ እኔ ግን ከሁሉ የማከብረው እሱን ነው።

ዴንማርክ ዛሬ ከግማሽ በላይ መብራቷን ከነፋስ ታገኛለች፤ ለአሰላው ማመንጫ ገንዘብ ያቀረበችም እሷ ናት። አጀማመሯን ብታዩት ግን የገጠር መምህር ታገኛላችሁ። ፖል ላ ኩር የተባለ ሰው አስኮቭ በምትባል መንደር በሚገኝ የሕዝብ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1891 እዚያው የሙከራ የነፋስ ማመንጫ አቆመ። ከማሽኑ ይልቅ ትልቁ ሥራው የገጠር ኤሌክትሪሻኖችን ማሠልጠኑ ነበር፤ ሠልጣኞቹ ወደየመንደራቸው ተመልሰው መስመር ዘረጉ፣ ሞተር ተከሉ። ከእነሱ አንዱ ዮሐነስ ዩል እ.ኤ.አ. በ1957 ጌድሰር ላይ ያቆመው ባለ 200 ኪሎ ዋት ተርባይን ለዘመናዊዎቹ ሁሉ አርአያ ሆነ። በመካከሉ ያለፈው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ነው፤ ያን ዘመን የሞላው በመንደር የተሠራ ትንንሽ ሥራ ነው።

የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ውጪ አልነበሩም። የአዳማው ማመንጫ ሲሠራ የአዲስ አበባና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በአማካሪነት ገብተው ተምረውበታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተማሪን ከኅብረተሰቡ መካከል አስገብቶ በማስተማር ስሙ የታወቀ ነው። በግልገል ጊቤ የምርምር ማዕከል ያለው ተቋም ነው፤ ተመራማሪዎቹ ከሐይቁ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ ለወባ እንደሚጋለጡ አሳይተዋል። ይህን የማነሳው ኃይል ሁሉ የሚከፍልለት ሰው እንዳለው እንዳንረሳ ነው። ከሐይቁ ሥፍራ የተነሳው ገበሬ ከፍሏል፤ በአሸጎዳ መሬቱን ለምሰሶ የሰጠውም ከፍሏል። ሽቦው በጣሪያው ላይ እያለፈ በኩራዝ የሚያመሽ ቤተሰብ እስካለ ድረስ የዚህ መድረክ ጭብጨባ ሙሉ አይሆንም።

ስለዚህ ለምህንድስና መምህራን አንድ ልመና አለኝ፤ የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ሲሰጥ መፈልፈያ ጣቢያዎች የሥራ ቦታ ይሁኑ። የማኅበራትና የዩኒየን መሪዎች በራችሁን ክፈቱላቸው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አዲስ አበባ ቢሮ ሳይገባ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ሞተር ሲጠግን ብታዩት ትምህርቱ ባከነ አትበሉ።

እናንተ ተመራቂዎች፣ ቀዩ ፍሬ መለቀም የሚጀምረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ የሥራ ማመልከቻችሁን አስገቡ። ግን ለቤታችሁ ቅርብ ወደሆነው መፈልፈያም ሂዱ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ባለፈው ዓመት መብራት ስንት ሌሊት እንደጠፋ፣ ስንት ሊትር ናፍጣ እንደተቃጠለ ከሒሳብ ሹሙ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ያንን ወረቀት ለማኅበሩ፣ ለመብራት አገልግሎቱ ቅርንጫፍና ለመምህራኖቻችሁ ስጡ፤ አንድ ቅጂም ለራሳችሁ ያዙ፣ የመጀመሪያ ሥራችሁ ከዚያ ሊጀምር ይችላልና።