ሙያውን ያልጨረሰ ሕዋስ



አገልግሎቱ ሳይቋረጥ የሚታደስ ግንባታ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ለመሐንዲስ አይነገረውም። የሰው ቀጭን አንጀት ይህንኑ ሥራ ዕድሜ ልኩን ሲያከናውን ይኖራል፤ የውስጥ ሽፋኑን አብዛኛውን ክፍል በአራትና በአምስት ቀን ውስጥ ይለውጣልና።

እድሳቱ የሚጀመረው በሽፋኑ ላይ ካሉት ጥቃቅን ጕድጓዶች ነው። በየጕድጓዱ ግርጌ ያሉት ግንደ ሕዋሳት ይራባሉ፤ ልጆቻቸውም ወደ ላይ ሲወጡ መራባትን ትተው በየሙያቸው ይለያሉ። ከፊሉ ምግብ መጣጭ፣ ከፊሉ ልጋግ አመንጪ፣ ከፊሉም ሆርሞን አፍላቂ ይሆናል። ጀርም የሚከላከለው ፓኔት የተባለው ሕዋስ ግን ከግርጌው ይቀመጣል። አራቱም ከአንድ ምንጭ የሚወለዱ መሆናቸውን ቼንግና ለብሎንድ በ1974 እ.ኤ.አ. አመለከቱ።

ሙያ መለየት ለሕዋሱ የመራባት ማብቂያ ነው። «ተራባ» የሚለው ትእዛዝ በግርጌው ብርቱ ሲሆን ወደ ላይ እየደከመ ይሄዳል። ትእዛዙን ከሚገቱት ልጓሞች አንዱ ኤ.ፒ.ሲ. የተባለው ጂን ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ከሆላንዱ የሐንስ ክሌቨርስ ቤተ ሙከራ የወጣ ጥናት፣ ይህ ልጓም በአይጥ ግንደ ሕዋሳት ውስጥ ሲበጠስ ዕጢ በጥቂት ሳምንታት እንደሚያድግ፣ ግርጌውን ለቀው በወጡት ልጆቻቸው ውስጥ ሲበጠስ ግን እድገቱ ብዙውን ጊዜ ባጭሩ እንደሚቀር አሳየ። ሆኖም ከአይጥ ተነሥቶ ስለ ሰው በቀጥታ መደምደም አይገባም፤ በሰው ቀጭን አንጀት ካንሰር የኤ.ፒ.ሲ. ብልሽት የሚገኘው ከትልቁ አንጀት ካንሰር ባነሰ መጠን ነው።

የፓቶሎጂ ሐኪም በማይክሮስኮፕ የሚመረምረውም ይህንኑ የሙያ ጉዳይ ነው። የካንሰሩ ሕዋሳት የአንጀት ዕጢዎችን ቱቦ መሰል አሠራር ከጠበቁ «በደንብ የተለየ»፣ ሥርዓቱን ጥለው ከተበተኑ «በደንብ ያልተለየ» ይለዋል። ሁለተኛው በአመዛኙ የከፋ ነው፤ ቢሆንም የሕመምተኛውን ዕድል ይበልጥ የሚወስነው በሽታው የተስፋፋበት ደረጃ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ቀጭኑ አንጀት ከምግብ መፍጫው ቧንቧ ርዝመት ሦስት አራተኛ ያህሉን ሲይዝ፣ ከቧንቧው ካንሰሮች የሚደርሰው ድርሻ ከመቶ 5 እጅ በታች ነው። ብርቅ በመሆኑ አይጠረጠርም፤ ምልክቶቹም የሆድ ቁርጠት፣ የደም ማነስና የክብደት መቀነስ በመሆናቸው በሌላ በሽታ ይመካኛል። ስለዚህ መንሥኤው ያልታወቀ የደም ማነስ በብረት ኪኒን ብቻ እንዳይታለፍ፣ ምንጩ እስኪገኝ መመርመር ይገባል። ስንጥቅን በቀለም ሸፍኖ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል የዚህ ማኅበር አባላት ከማንም በላይ ያውቃሉ።