የሕፃናት ልደት በገዛ ግቢያችን
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ድንኳን እድሳትና ስለ ቅጣት ብዙ ተነጋግረናል። እኔ ደግሞ ዛሬ ስለ ሕፃናት ልደት ልናገር ነው። «ዕድርንና ልደትን ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አያለሁ። ጥቂት ታገሡኝ።

ልደትን በየዓመቱ ማክበር ለአብዛኞቹ ወላጆቻችን እንግዳ ነገር ነበር። ልጅ ሲወለድ እልል ይባላል፣ ገንፎ ይበላል። በክርስቲያኑ ቤት ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ በ7ኛው ቀን ዐቂቃ ይታረዳል። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ማን ይቆጥረዋል? እናቴ መቼ እንደተወለደች ስትጠየቅ «ጣልያን በወጣ በዓመቱ» ነበር የምትለው። ከ1933 ዓ.ም. ተነሥተን ዕድሜዋን የምናሰላው እኛ ነበርን።

የዛሬ ልጆች ግን ከትምህርት ቤት ሰምተው ይመጡና «የኔስ መቼ ነው?» ይላሉ። መጠየቃቸው ደግ ነው። የሚያሳስበኝ አከባበሩ ነው። አንዱ ቤት ባለ ሦስት ደርብ ኬክ ሲያስቆርጥ፣ ጎረቤቱ ላለማነስ ይበደራል። የዕቁብ ዕጣዋን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ልደት ያዋለች እናት አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም።

ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ልደት ካለበት ቤት በር ላይ ቆማ አልገባም አለች። ምነው ብላት «ስጦታ የለኝማ!» አለችኝ። እናቷ እኮ ያ ቤት ሐዘን በደረሰበት ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ ስትሠራ፣ እንግዳ ስታስተናግድ የሰነበተች ሴት ናት! በለቅሶ አብረን ተቀምጠን በደስታ ጊዜ ልጆቻችን በር ላይ ከቆሙ፣ ጉዳዩ ዕድሩን አይመለከትም ትላላችሁ?

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ልደቱ በግቢ፣ በጓሮ፣ ባለን ነገር ይሁን። በኮንዶሚኒየም ያላችሁም የጋራው ሜዳ አለላችሁ። ጥሪውን ወላጅ ራሱ ቤት ለቤት ዞሮ ይንገር፤ ለዚህ እንኳ ጡሩንባ አያስፈልግም! ሲጠራም «ልጁን ባዶ እጁን ላኩልን» ብሎ በግልጽ ይናገር። ስጦታ ይዞ የመጣ ካለ ተቀብሎ ጓዳ ማስቀመጥ ነው እንጂ በሕፃናቱ ፊት መፍታት አይገባም።

ቀኑ የግድ የተወለደበት ዕለት መሆን የለበትም። ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ በትክክለኛው ቀን ላክብር ቢል በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚደርሰው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል፤ ሁለት ሰዓት ካለፈ ትንንሾቹ ይነጫነጫሉ፣ እናቶችም ይደክማሉ።

ለምግቡ ድፎ ዳቦ ምን ጎደለው? በ2 ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ድፎ ለ20 ሕፃናት ይበቃል። ሻማውም እላዩ ላይ ይቆማል፤ እፍ የሚለው ልጅ እንደሆነ ዳቦ ይሁን ኬክ አይጨንቀውም። ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ስለሚጋገር በጾምም አያስቸግር። ሥጋ ካልቀረበ ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ ከአንድ ትሪ ይበላል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ሻይ ከተጨመረ ሞልቷል።

ፈንዲሻና ኦቾሎኒ ግን፣ እናቶች፣ ከ4 ዓመት በታች ላሉት አትስጡ። ጉሮሮ ይዘጋል፤ ከረሜላም እንዲሁ ነው። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ወዲያው ይለቀም፣ ሕፃን አፉ ውስጥ ከከተተው አደገኛ ነው። የከሰል ምድጃና የፈላ ጀበና ልጆች ከሚሮጡበት ይራቅ፤ የጉድጓድ ክዳን ይታይ። ሻማ ሲበራ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቁም፤ የሀገር ልብስ ጥጥ ነውና እሳት ቶሎ ይይዘዋል።

ጨዋታውስ? ኧረ እኛ በምን ነበር የምንጫወተው! «መሐረቤን ያያችሁ» አንዲት መሐረብ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ማንም ውጪ አይቀርም። በዚህ የተነሣ ከሌላው ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። አኩኩሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይም አለ። መጀመሪያ ይጫወቱ፤ ሲርባቸው ዳቦው ይቆረስ። ሙዚቃውን ጆሮ እስኪደነቁር መክፈቱ ለትልልቆቹ እንጂ ለሕፃናቱ አይደለም።

አሁን ወደ ዕድራችን ልምጣ። አግዳሚ ወንበር፣ ብርጭቆና ትሪ አለን፤ በሐምሌና በነሐሴ ለተወለዱት ደግሞ ከዝናብ የሚያስጠልል ትንሿ ድንኳን አለች። «የለቅሶ ዕቃ ለልደት ገደቢስ ነው» የሚሉ ሽማግሌዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ነገር ግን በእነዚሁ ድስቶች የስንቱን ልጅ ሠርግ ደግሰንባቸዋል፤ ያን ጊዜ ማንም አልተቃወመም።

ስለዚህ ለሕፃናት ልደት ዕቃው ያለ ኪራይ እንዲሰጥ ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ። የተዋሰው አባል በማግሥቱ አጥቦ ይመልስ፣ የተሰበረውን ይተካ፤ በመካከሉ ሐዘን ቢደርስ ግን ዕቃው በዚያው ሰዓት ይነሣል። ኮሚቴው ድምፅ ያሰጥበት፤ ከተደገፈም ንብረት ክፍሉ ከመጪው ወር ጀምሮ መዝገብ ይክፈትለት።